ጦረኛውን ማን ይከፍለዋል? የአውሮፓ ፊውዳሎች አነሣስና አወዳደቅ

በ1100 አካባቢ ፈረንሳይን ይገዛ የነበረው ቀዳማዊ ፊሊፕ በአንድ ግንብ የተነሣ ሲቃጠል ኖሯል። ግንቡ ሞንሌሪ ይባላል። ከፓሪስ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ንጉሡ ከፓሪስ ተነሥቶ ሌላዋ ትልቅ ከተማው ኦርሌያን ለመድረስ በዚያ ግንብ አጠገብ ማለፍ ነበረበት። የግንቡ ጌቶች ደስ ሲላቸው ያሳልፋሉ፤ ደስ ካላላቸው መንገዱን ይዘጋሉ። በመጨረሻ ፊሊፕ ግንቡን በእጁ ያስገባው በጋብቻ ነው። ከልጆቹ አንዱን ለግንቡ ባለቤት ሴት ልጅ ዳረ። ከዚያ አልጋ ወራሹን ሉዊን ጠርቶ፣ ይህን ግንብ ነቅተህ ጠብቅ፣ ያስረጀኝ እሱ ነው ብሎ መከረው። ታሪኩን የጻፈልን የሉዊ አማካሪ የነበረው የሳን ደኒ ገዳም አበምኔት ሱዤ ነው።

የፈረንሳይ ንጉሥ ነው እንግዲህ። ዘውድ ጭኗል፣ ቅብዓ ቅዱስ ተቀብቷል። በገዛ አገሩ ግን የግማሽ ቀን መንገድ በሰላም መሄድ አይችልም።

ከ350 ዓመት በኋላ ሻርል ሰባተኛ የተባለ ሌላ የፈረንሳይ ንጉሥ በእንግሊዞች የተያዘውን ኖርማንዲን በአንድ ዓመት ገደማ ጠቅልሎ አስለቀቀ። መድፉ ሲመጣ ብዙዎቹ ምሽጎች ሳይተኮስባቸው እጃቸውን ሰጡ። በእነዚህ ሁለት ነገሥታት መካከል ምን ተፈጠረ? መልሱ ረጅም ነው፤ ክሩ ግን አንድ ነው። ጦረኛውን የሚከፍለው ማነው የሚለውን ጥያቄ ከተከተላችሁ አትጠፉም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

መሬት በደመወዝ ፋንታ

ከፍራንኮች ንጉሥ ከሻርለማኝ እንጀምር። በ800 ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጫንለት ግዛቱ የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ ብዙውን የጀርመን ክፍልና ሰሜን ጣሊያንን ይጠቀልል ነበር። ይህን የሚያህል አገር ለመያዝ ሠራዊት ያስፈልጋል፤ ለሠራዊት ደግሞ ገንዘብ። ገንዘቡ ግን የለም። የሮማውያኑ የግብር አሰባሰብ ከፈራረሰ ቆይቷል። ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ንግዱም ቀጭን ነው። የብር ሳንቲም ቢኖርም ከዳር እስከ ዳር ለተሠማራ ጦር በየወሩ የሚቆጠር አይደለም። በንጉሡ እጅ በብዛት ያለው መሬት ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ጦርነቱ ውድ ሆኗል። ጥሩ ተዋጊ የሚባለው ጥሩር ለብሶ በፈረስ ላይ የሚዋጋው ነው። በራይን ወንዝ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ፍራንኮች ሕግ የጦር መሣሪያን ዋጋ ሶሊዱስ በሚባለው ገንዘብ ተምኖ አስቀምጦልናል። ጥሩር 12፣ ሰይፍ ከነአፎቱ 7፣ የራስ ቁር 6። ጤነኛ በሬስ? 2። ጥሩሩ ብቻውን ስድስት በሬ ያወጣል ማለት ነው። ፈረሱ፣ መኖው፣ የፈረሱ ጠባቂና ከልጅነት የሚጀምረው ልምምድ ሲጨመርበት፣ አራሽ ገበሬ እግረ መንገዱን የሚሠራው ሥራ አይሆንም። አንድን ሰው ለዚህ ብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እሱን የሚቀልቡ ብዙ ገበሬዎችም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ንጉሡ ለጦረኛው መሬቱን ከነገበሬው ሰጠው። «ይህን ብላ፤ ስጠራህ ከነፈረስህ ድረስ» ዓይነት ውል ነው።

ደመወዝ የቸገረው ባለሱቅ ሠራተኛውን «ሱቁን ያዝና ከሽያጩ ኑር» ቢለው ምን ይሆናል? ለጊዜው ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው እሱን ነው። ባለሱቁ መጥቶ «ሱቄን መልስ» ቢል መሳቂያ ይሆናል። የሻርለማኝ ልጆችና የልጅ ልጆች የደረሰባቸው ይኸው ነው።

በ843 ቬርደን ላይ የልጅ ልጆቹ ግዛቱን ለሦስት ተቃረጡት። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ሲዋጉ እያንዳንዱ ደጋፊ ፈለገ፤ ደጋፊ ደግሞ የሚገዛው በመሬት ነው። ዙፋኑ በተጣላ ቁጥር የንጉሡ መሬት እየሳሳ ሄደ። በ877 ከልጅ ልጆቹ አንዱ የሆነው ሻርል ራሰ በራው ወደ ጣሊያን ሊዘምት ሲል ኪየርዚ ላይ አንድ ደንብ አወጣ። እሱ በሌለበት አገረ ገዢ ከሞተ ልጁ ቦታውን ይዞ ይቆይ አለ። እስክመለስ ድረስ ነበር ሐሳቡ። ከዘመቻው በሕይወት አልተመለሰም። ሹመት ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍበት ልማድ ግን ሥር እየሰደደ ሄደ።

ከዚያ ቫይኪንጎች አሉ፤ ከሰሜን በባሕር የሚመጡ ዘራፊዎች ናቸው። በ845 በሴን ወንዝ ሽቅብ በጀልባ መጥተው ፓሪስን ያዙ። ንጉሡ 7,000 ፓውንድ ብር ከፍሎ አስወጣቸው። በ885 ተመልሰው ከተማዋን ከበቡ። ፓሪስን የተከላከለላት ኦዶ የሚባል የአካባቢው አገረ ገዢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሻርል ወፍራሙ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስም አልተዋጋም። ገንዘብ ሰጥቶ፣ በወንዙ አልፈው ሌላ አገር እንዲዘርፉ ለቀቃቸው። ሕዝቡ ማንን እንደሚያከብር መገመት አይከብድም። በ888 ኦዶ ራሱ ነገሠ። በ911 ደግሞ ሌላ ንጉሥ ከቫይኪንጎቹ መሪ ከሮሎ ጋር ተዋውሎ በሴን ወንዝ አፍ ያለውን መሬት ሰጠው። የኖርማንዲ መነሻ ይህ ነው። ዘራፊውን ባለመሬት አድርጎ ሌሎች ዘራፊዎችን እንዲጠብቅ ማድረግ ብልሃት ነበር። ብልሃቱ ወደፊት ምን እንደሚያስከፍል ያኔ ማንም አላወቀም።

ገበሬው ቤቱ ሲነድ የንጉሡን ጦር ሊጠብቅ አይችልም። የሚደርስለት በአቅራቢያው ግንብ ያለው ሰው ነው። መጀመሪያ ግንብ ማለት አፈር ተከምሮ በላዩ የእንጨት ማማ የተሠራበት ኮረብታ ነበር፤ ድንጋዩ ኋላ መጣ። በጥቂት ሳምንት የሚሠራ ነገር ነው። ግን በውስጡ ሃያ ፈረሰኛ ያለው ሰው የአካባቢው ዳኛ፣ ቀረጥ ሰብሳቢና የገበያ አለቃ ሆነ። የሚጠብቅህ ሰውና የሚዘርፍህ ሰው አንድ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነበር። በ989 ሻሩ በተባለ ቦታ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያን የሚዘርፉትንና የድሃ ከብት የሚነዱትን ያወገዙት ያለ ነገር አይደለም።

በ987 ሁግ ካፔ ሲነግሥ በእጁ የቀረው በፓሪስና በኦርሌያን ዙሪያ ያለ ቁራጭ መሬት ነው። ዘመነ መሳፍንትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ንጉሡ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ስሙም በጸሎት ይጠራል፤ ጉልበቱ ግን በየአውራጃው ጌታ ዘንድ ነው።

ማደርና ማሳደር

ሥርዓቱን ያያያዘው ማደር ነው። ሰውየው ባዶ እጁን፣ ራሱን ተከናንቦ ሳይሆን ገልጦ፣ በጌታው ፊት ይንበረከካል። ሁለት እጆቹን አጋጥሞ በጌታው መዳፎች መካከል ያስገባል። «ያንተ ሰው ነኝ» ይላል። ከዚያ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቅዱሳን አጽም ላይ ይምላል። ጌታው በበኩሉ መሬቱን የሚወክል ነገር ያስጨብጠዋል፤ አንዳንዴ ጭብጥ አፈር፣ አንዳንዴ በትር።

ውሉ ሁለቱንም ያስራል። ያደረው ሰው በዓመት እስከ 40 ቀን በራሱ ስንቅ ይዘምታል፤ በብዙ ቦታ ልማዱ ይህ ነበር። በጌታው ችሎት ይቀመጣል። በሦስት ጊዜ ገንዘብ ያዋጣል፦ ጌታው ተማርኮ ማስለቀቂያ ሲጠየቅ፣ የጌታው የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ፈረሰኛ ተብሎ ሲሾም፣ የመጀመሪያ ሴት ልጁ ስትዳር። (የማስለቀቂያዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትልቅ ጣጣ ታመጣለች።) ጌታው ደግሞ ሊጠብቀው፣ በትክክል ሊዳኘውና መሬቱን ያለ ፍርድ ላይነጥቀው ግዴታ አለበት። ጌታው ውሉን ካፈረሰ ሎሌው መሐላውን ማፍረስ ይችላል። በወረቀት ደረጃ ቆንጆ ነገር ነው።

ችግሩ ሰው ከአንድ በላይ ጌታ ማደር መጀመሩ ነው። ከዚህኛው ጌታ አንድ መንደር፣ ከዚያኛው ሁለት ወፍጮ ይይዛል። ሁለቱ ጌቶች ሲጣሉስ ከማን ጋር ይዋጋል? «የበላይ ጌታዬ እገሌ ነው» የሚል ደረጃ ፈጠሩለት። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ሁለት ሦስት የበላይ ጌታ ይኖራቸው ጀመር። ሕግ አውጪ ሁሌም ከብልጥ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው።

የዚህ ጣጣ ትልቁ ምሳሌ የሮሎ ዘር ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ነው፤ ኖርማንዲ ውስጥ ግን የፈረንሳይ ንጉሥ ሎሌ። ዊሊያም የፈረንሳይን ነገሥታት ስህተት ላለመድገም ተጠንቅቋል። በ1086 ባለመሬቶችን ሳልስበሪ ላይ ሰብስቦ፣ የማንም ሎሌ ቢሆኑ ከሁሉ በላይ ለእሱ ታማኝ እንዲሆኑ አስማላቸው። በዚያው ዓመት የአገሩን መሬት፣ በሬና ወፍጮ ሳይቀር አስቆጠረ፤ ከ13,000 በላይ ቦታዎች ተመዘገቡ። የእንግሊዝ ንጉሥ ከፈረንሳዩ ይልቅ ቶሎ የጠነከረው ማን ምን እንዳለው ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

የእኛን ጉልት ከዚህ ጋር ማስተያየት ያጓጓል። ይመሳሰላሉ፤ ጉልትም ለአገልጋይ በደመወዝ ፋንታ የሚሰጥ ነበር። ባለጉልቱ የሚያገኘው ግን በዋናነት የገበሬውን ግብር ነው። በሰሜኑ ገበሬው በትውልድ የሚቆጥረው ርስት ነበረው፤ ባለጉልቱ ቢሻርም ቢሞትም ርስቱ ከዘሩ አይወጣም። ንጉሡም አቅም ሲኖረው ጉልቱን ነቅሎ ለሌላ ይሰጣል። በደቡቡ ክፍል ከአፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ የተተከለው የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት ለአውሮፓው ይበልጥ ይቀርባል። በእኛ አቆጣጠር በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎችና ተከታዮቻቸው ሁሉንም በአንድ «ፊውዳል» ጠቀለሉት። ለመፈክር ይመቻል፤ ለታሪክ ግን ይጠባል።

ሁዳዱን የሚያርሰው

እስካሁን ያወራነው ስለ ላይኞቹ ነው። ከሥር ያለው ሰው ሰርፍ ይባላል። ባሪያ አይደለም፤ ቤትና የሚያርሰው ማሳ አለው። ነፃም አይደለም፤ ያለ ጌታው ፈቃድ መንደሩን ለቅቆ መሄድ አይችልም። መሬቱ ሲሸጥ አብሮ ይሸጋገራል።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ያርሳል። በመከር ጊዜ ይጨመርበታል። የራሱ እህል በማሳ ላይ ዝናብ እየመታው የጌታውን ያጭዳል ማለት ነው። ሴት ልጁን ሲድር ይከፍላል። እሱ ሲሞት ጌታው ከበረቱ ምርጡን ከብት ይወስዳል። በእንግሊዝ በብዙ ቦታ ሁለተኛውን ምርጥ ቄሱ ይወስደዋል። አባወራ የሞተበት ቤት በሳምንቱ ሁለት በሬ ያጣል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የወፍጮው ነገር ነው። እህሉን የሚያስፈጨው በጌታው ወፍጮ ብቻ ነው፤ ከዱቄቱ ላይ ድርሻ ይቆረጥበታል። እቤት ውስጥ በእጅ ወፍጮ መፍጨት ክልክል ነው። በእንግሊዝ የሴንት ኦልበንስ ገዳም አበምኔት በ1330ዎቹ የነዋሪውን የእጅ ወፍጮ በየቤቱ አስለቅሞ፣ ድንጋዮቹን የገዳሙ ማነጋገሪያ ክፍል ወለል ላይ አነጠፋቸው። ሰው ለአቤቱታ ሲመጣ የገዛ ወፍጮውን ረግጦ እንዲቆም። ይህን ያደረገው ሪቻርድ የተባለ አበምኔት ደግሞ በዘመኑ የተደነቀ ሰዓት የሠራ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ሊቅነትና ርኅራኄ አብረው አይሄዱም።

ንጉሡ የጌቶቹን ሕግ ተማረ

የጌቶቹ ውድቀት በአንድ ጦርነት ወይም በአንድ አዋጅ አልመጣም። ንጉሦቹ መጀመሪያ የተጠቀሙት የጌቶቹኑ ሕግ ነው።

በ1200ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በፈረንሳይ ምድር ከፈረንሳዩ ንጉሥ የበለጠ መሬት ነበረው። የፈረንሳዩ ፊሊፕ ኦጉስት አጋጣሚ ጠበቀ። የጆን ሎሌዎች የሆኑ ሉዚኛን የተባሉ ቤተሰቦች ጌታችን በደለን ብለው ወደ ፊሊፕ ችሎት ጮኹ። ፊሊፕም ጆንን ጠራው፤ እንደ እንግሊዝ ንጉሥ ሳይሆን እንደ ሎሌው። ጆን አልቀረበም። በ1202 ችሎቱ መሬቱ ይወረስ ብሎ ፈረደ። በ1204 የፊሊፕ ጦር ኖርማንዲን ጠቅልሎ ያዘ። ለሎሌ የተሰጠ መሬት በሎሌነት ሕግ ተመለሰ። ፊሊፕ በያዘው አገር ላይ ሌላ ባለርስት ጌታ አልተከለም። በደመወዝ የሚያድሩ፣ ከቦታ ቦታ የሚዛወሩና የሚሻሩ ሹሞች ሾመ። ይህች ትንሽ የምትመስል ለውጥ ከብዙ ጦርነት ትበልጣለች ባይ ነኝ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የጆን አባት ዳግማዊ ሄንሪ ሁለት ነገር ጀምሮ ነበር። አንደኛው ዘምተው 40 ቀን ከመጨቃጨቅ ይልቅ ጌቶቹ ገንዘብ እንዲከፍሉ ማድረግ ነው። በ1159 ቱሉዝ ላይ ሲዘምት በሰፊው ሰብስቧል። በገንዘቡ የሚፈልገውን ያህል ቀን የሚቆይ ቅጥረኛ ይገዛበታል። ሁለተኛው ዳኝነት ነው። መሬቱን የተነጠቀ ነፃ ሰው ከጌታው ችሎት ይልቅ ወደ ንጉሡ ተዘዋዋሪ ዳኞች መሄድ ቻለ። ባለጉዳይ ደግሞ ፍርድ ወደሚገኝበት ይሄዳል። የጌቶቹ ችሎት ቀስ በቀስ ባዶውን ቀረ።

ጆን ኖርማንዲን ለማስመለስ ይህን የገንዘብ መሰብሰቢያ መንገድ አለቅጥ ጨመቀው። በ1214 ቡቪን ላይ አጋሮቹ ተሸነፉ። ገንዘቡ ሄዷል፣ መሬቱም የለም። ጌቶቹ አመፁና በጁን 1215 ራኒሚድ መስክ ላይ ሥልጣኑን የሚገድበውን ማግና ካርታ የተባለ ሰነድ አስፈረሙት፤ በትክክል ለመናገር ማኅተሙን አስደረጉት። እኛ ጋ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እነሱ ንጉሥ ያለ መኳንንቱ ምክር እንዲህ ያለ ክፍያ እንዳይጥል ጽፈው አስቀመጡ፤ ካፈረሰም የሚያስገድዱት 25 ጌቶች ተመረጡ። ለሰፊው ሕዝብ የተጻፈ ነገር አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። ብዙዎቹ አንቀጾች የሚናገሩት ስለ ውርስ ክፍያ፣ ስለ ሞግዚትነትና ስለ መበለት ድርሻ ነው። የጌቶች ጉዳይ ነው። ሰርፉ እዚያ ውስጥ ብዙም የለበትም።

በዚሁ ጊዜ ከተሞች አደጉ። ነጋዴ ለንጉሡ ገንዘብ ይሰጣል፣ ንጉሡ ለከተማዋ የመብት ደብዳቤ ይሰጣል። ሸሽቶ ከተማ የገባ ሰርፍ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሳይያዝ ከኖረ በብዙ ቦታ ነፃ ይሆናል። ጌቶቹም ራሳቸው ቅመምና ጥሩ ጨርቅ ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ አማራቸውና የሰርፉን የጉልበት ሥራ በኪራይ መለወጥ ጀመሩ። የዛሬ ኪራይ በሳንቲም ተቆርጦ ለዘላለም ሲጸና፣ የሳንቲሙ ዋጋ ደግሞ ሲወርድ፣ የሚጎዳው ተቀባዩ ነው። ይህን ቀድመው ያሰቡት ጥቂት ነበሩ።

ሞትና ደመወዝ

ከ1347 እስከ 1351 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን ጨረሰ፤ ግማሹን ነው የሚሉም አሉ። መሬቱ እዚያው ነው፤ አራሹ ግን የለም። የተረፈው ገበሬ ድንገት ተፈላጊ ሆነ። ይኼኛው ጌታ ካላስማማው ጎረቤቱ ያለው ጌታ ማንነቱን ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1349ና በ1351 ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ የሚያግድ ሕግ አወጣ። ሕጉን ያወጡት ጌቶች ራሳቸው ሠራተኛ ለማግኘት በድብቅ ከዚያ በላይ ይከፍሉ ነበር። በዚያ ላይ በፈረንሳይ ለሚካሄደው ጦርነት በነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። በ1380 የተወሰነው ሦስተኛው ግብር ከ15 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ሁሉ 12 ፔኒ የሚጠይቅ ነበር።

በ1381 በጋ ገበሬው ተነሣ። ዋት ታይለር መራቸው። ጆን ቦል የተባለው ቄስ «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ጌታው ማን ነበር?» እያለ ሰበከ። ለንደን ገብተው የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ አንገት ቀሉ። በየገጠሩ ያቃጠሉት ነገር ምን እንደፈለጉ ይነግራል፦ የሰርፍነት ግዴታ የተጻፈባቸውን የጌቶች ችሎት መዝገቦች። ሴንት ኦልበንስ ላይ ደግሞ ወደ ገዳሙ ዘልቀው የዚያን ክፍል ወለል ነቀሉት። የወፍጮ ድንጋዮቹን ሰባብረው ስባሪውን ለየቤቱ አከፋፈሉ። የገዳሙ ጸሐፊ ቶማስ ዋልሲንግሃም በንዴት እንደመዘገበው፣ በሰንበት በየቤተ ክርስቲያኑ የተባረከ ዳቦ እንደሚታደል ነበር ያደሉት።

የ14 ዓመቱ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ሰርፍነት ቀርቷል የሚል ደብዳቤ ሰጣቸው። ታይለር ተገደለ፤ ሕዝቡ ተበተነ፤ ደብዳቤውም ተሻረ። አመፁ ከሸፈ። ሰርፍነት ግን ማንም አዋጅ ሳያውጅለት በሚቀጥሉት መቶ ምናምን ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ከስሞ ጠፋ። ጌቶቹን ያሸነፋቸው የሠራተኛ እጥረት ነው።

የንጉሡ ማስለቀቂያ

ፈረሰኛውም በጦር ሜዳ ክብሩን እያጣ ነበር። በ1302 ኮርትራይ ላይ የፍላንደርስ ሸማኔዎችና ሥጋ ሻጮች ረጅም ጦርና ከባድ ዱላ ይዘው፣ ረግረግ መሬት መርጠው ቆሙ። የፈረንሳይን ምርጥ ፈረሰኞች ፈጁ። ፈረሰኛ ፈረሱን ለመኮርኮር ተረከዙ ላይ የሚያስራቸውን 500 ገደማ የወርቅ ሾጣጣዎች ለቅመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰቀሏቸው። በ1346 ክሬሲ ላይ፣ በ1415 አዠንኩር ላይ የእንግሊዝ ቀስተኞች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ቀስተኛው የገበሬ ልጅ ነው፤ የሚዋጋውም በቀን ሒሳብ እየተከፈለው ነው።

በ1356 ፗቲዬ ላይ ደግሞ የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ዣን ራሱ ተማረከ። ማስለቀቂያው 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ሆነ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ትመጣለች። በድሮው ልማድ ጌታ ሲማረክ ሎሌዎቹ ማዋጣት አለባቸው። የተማረከው የሁሉ ጌታ ከሆነስ? ያው ሁሉም ይክፈል ተባለ። በ1360 በጨው፣ በወይንና በሌላም ዕቃ ላይ በአገር ደረጃ ግብር ተጣለ። ፍራንክ የሚባለው ገንዘብ መጀመሪያ የተመታውም ለዚሁ ጉዳይ ነው። ዣን ተፈታ። በእሱ ምትክ በመያዣነት ከተቀመጡት አንዱ የሆነው ልጁ ሲያመልጥ ግን ቃሌ ተበላ ብሎ በፈቃዱ ወደ ለንደን እስር ተመለሰ። በ1364 እዚያው ሞተ። ከፈረሰኝነት ሥነ ምግባር አንጻር እንከን የለውም። አገር ከማስተዳደር አንጻር ሌላ ነገር ነው። ግብሩ ግን አልሞተም። አንዳንዴ እየተቋረጠ፣ አንዳንዴ አመፅ እያስነሣ፣ ሕዝቡ ለንጉሥ መክፈልን ለመደ።

ይህን ፍሬ የበላው ሻርል ሰባተኛ ነው። በ1439 ወታደር መመልመልና ለዚያ ግብር መጣል የንጉሡ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። በዓመቱ ትልልቅ ጌቶች አመፁ፤ የገዛ ልጁ፣ አልጋ ወራሹም አብሯቸው ነበር። አልተሳካላቸውም። በ1445 በሰላምም በጦርነትም ደመወዝ የሚከፈላቸው 15 የጦር ክፍሎች አቋቋመ። እነዚህን ይዞ ነው ኖርማንዲን ያስመለሰው። በ1453 ካስቲዮን ላይ መድፎቹ የእንግሊዙን አዛዥ የታልቦትን ጦር ሲያርሱት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ነገሥታት የተዋጉበት የመቶ ዓመቱ ጦርነት አበቃ። መድፍ ውድ ነው፤ ባሩድ ውድ ነው፤ መድፈኛውም ደመወዝተኛ ነው። ይህን የሚችል ኪስ ያለው ንጉሡ ብቻ ነበር። ግንብ ላይ ቁጭ ብሎ «ና ሞክረኝ» ማለት ቀረ።

ታሪኩ በሁሉም ቦታ እንዲህ አልሄደም። ያው ወረርሽኝ፣ ያው የሰው እጥረት፣ በምሥራቅ አውሮፓ ተቃራኒውን አመጣ። በፖላንድና በፕሩሲያ ከተሞቹ ደካማ፣ ጌቶቹ ጠንካራ ነበሩ። ለምዕራብ ገበያ እህል መላክ ሲያተርፍ ገበሬውን ከመሬቱ ጋር ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ሩሲያ በ1649 ሰርፍነትን በሕግ አጸናች፤ እስከ 1861 አልፈታችውም። ስለዚህ የሰው ማነስ ብቻውን ነፃ አያወጣም። ገበሬው የሚሸሽበት ከተማ ወይም የሚሻማበት ሌላ ጌታ ሊኖር ይገባል።

በምዕራብም ቢሆን የጠፋው የጌቶቹ ጦርና ችሎት እንጂ ገቢያቸው አይደለም። በፈረንሳይ የወፍጮና የምድጃ ግዴታ፣ የመተላለፊያ ክፍያና ሌላው ሁሉ እስከ አብዮቱ ቆየ። ኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት ጉባኤው በስሜት ተሞልቶ ፊውዳላዊ መብቶችን ሻረ። ዝርዝሩ ሲጻፍ ግን ብዙዎቹን ገበሬው ገንዘብ ከፍሎ እንዲዋጃቸው ተባለ። ያለ ካሣ የቀሩት በ1793 ነው። በስኮትላንድ የፊውዳል የመሬት ይዞታ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በኖቬምበር 2004 ነው።

እንግሊዝ በ1660 ያደረገችው ደግሞ ለየት ይላል። ፓርላማው ባለመሬቶች ለንጉሡ የነበረባቸውን የድሮ የጦር አገልግሎት ግዴታ አነሣላቸው። ንጉሡ ለሚያጣው ገቢ ምትክ ያስፈልግ ነበርና በቢራና በሌሎች መጠጦች ላይ ቀረጥ ተደረገለት። ጌቶቹ ነፃ ወጡ፤ ሒሳቡን ጠጪው ከፈለ። ከእነሱ ሥር ያለው ገበሬ በድሮው ልማድ የሚከፍለው ክፍያ ግን በዚያ ሕግ አልተነካም። ያ የተሰረዘው በ1920ዎቹ ነው።